አንቲቫይረስ ከመግዛታችሁ በፊት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ሳልፈልግ የብሎካችን የኮምፒውተር ሐኪም ሆኛለሁ። ሙያዬ አይደለም። አንድ ጊዜ የጎረቤቴን ላፕቶፕ አስተካከልኩ፣ ወሬው በደረጃው ወጣ ወረደ፣ ከዚያ በኋላ ማታ በሬ ከተንኳኳ ወይ «ቡና ደርሷል» ነው ወይ «ቫይረስ ገባብኝ»። ሰው ወደኔ የሚመጣው ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ጥገና ቤት ለመሄድ ቃሊቲ ድረስ ታክሲ መጋፋት ስላለ ነው። እዚያ ደርሰውም የሚሰጣቸው መድኃኒት ያው ፎርማት ነው። ፎርማት ተደርጎ በመጣ በሁለት ሳምንቱ ቫይረሱም ተመልሶ ይመጣል። የገባበት በር አልተዘጋማ!

ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛውን አንቲቫይረስ ልግዛ?» ብሎ ነው። ምንም አትግዙ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካላችሁ የራሱ አንቲቫይረስ ዲፌንደር አብሮ መጥቷል፣ ነፃ ነው፣ ለቤት ይበቃል። ችግሩ ብዙ ቤት ጠፍቶ ነው የማገኘው። የመፈለጊያው ሳጥን ላይ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ብላችሁ ጻፉና ክፈቱት። «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ ግቡና «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን» መብራቱን እዩ። እዚያው ዝቅ ብሎ «ታምፐር ፕሮቴክሽን» የሚባል አለ፣ እሱንም አብሩት። ሌላ ፕሮግራም መጥቶ ዲፌንደርን እንዳያጠፋው የሚይዘው እሱ ነው። ላፕቶፑ ሲገዛ የሙከራ አንቲቫይረስ አብሮት መጥቶ ከነበረና ጊዜው አልፎ በየቀኑ «ክፈሉ» እያለ የሚነዘንዛችሁ ከሆነ አራግፉት። እሱ እያለ ዲፌንደር ቦታውን ሊለቅለት ይችላል፤ እሱ ደግሞ አይሠራም፣ ቤቱ ያለ ዘበኛ ሊያድር ይችላል።

አሁን ወደ ፍላሽ። የኛ ሰፈር ዋናው በሽታ እሱ ነው።

አንድ ማታ የአራተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ልጅ ፍላሽ በእጇ ጨብጣ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። የመመረቂያ ጽሑፏን ለማሳተም ኮፒ ቤት ሰጥታ ስትመለስ ፎልደሮቿ በሙሉ ጥግ ላይ ትንሽዬ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ሆነዋል። «ጋሼ፣ ጠፋ በቃ?» አለችኝ። አልጠፋም። ይሄኛው ቫይረስ ፋይል አያጠፋም፣ ይደብቃል። እውነተኛውን ፎልደር ይሰውርና በቦታው በዚያው ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትጫኑት ፎልደሩ ይከፈትላችኋል፣ ከጀርባ ግን ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተራችሁ ይሻገራል። ብዙ ሰው ለወራት ሳያውቅ የሚቆየው ለዚህ ነው፣ ሥራው አልተቋረጠበትም።

ያደረግነው ይኸውና። አንዱንም ሾርትከት አልነካንም። «ፋይል ኤክስፕሎረር» ውስጥ «ቪው»፣ ከዚያ «ኦፕሽንስ» (ዊንዶውስ 11 ላይ ከላይ ያሉት ሦስት ነጥቦች ውስጥ ነው ያለው)፣ እንደገና «ቪው» የሚለውን ትር ከፈትን። «ሾው ሂደን ፋይልስ» የሚለውን መረጥን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆምና ምንም ሳይታየው ይቀራል፣ ምክንያቱም ቫይረሱ ፋይሉን የሲስተም ፋይል አስመስሎታል። ስለዚህ ከሥሩ ያለውን «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ምልክት ማንሳት አለባችሁ። ዊንዶውስ «እርግጠኛ ናችሁ?» ብሎ ያስፈራራል፣ «የስ» በሉት። ወዲያው ፎልደሮቿ ደብዘዝ ብለው ብቅ አሉ። አንዳንዴ ሁሉንም ስም የሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ከቷቸው ታገኛላችሁ። «ፕሮፐርቲስ» ገብታችሁ «ሂደን» የሚለውን ለማንሳት ብትሞክሩ አልነካም ይላል፣ አትታገሉት። ፎልደሩን ክፈቱና ውስጡ ያሉትን የምታውቋቸውን ፋይሎች ብቻ፣ ዎርዱን፣ ፒዲኤፉን፣ ፎቶውን፣ ኮምፒውተሩ ላይ በከፈታችሁት አዲስ ፎልደር ኮፒ አድርጉ። የማታውቁትን አታምጡ። ከዚያ ፍላሹን ፎርማት፣ ኮምፒውተሩን ደግሞ ስካን፣ በመጨረሻም ያነሳችሁትን ምልክት ወደ ቦታው መመለስ። ልጅቷ ጽሑፏን ስታየው እኔን ሳይሆን ስክሪኑን ነው ያቀፈችው።

ድሮ እኮ ፍላሽ መሰካት ብቻውን ይበቃ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2008 የተነሳው ኮንፊከር የሚባለው ቫይረስ ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ እሱ ነበር፤ ፍላሹ እንደተሰካ በራሱ ይነሳል። ማይክሮሶፍት በነሱው አቆጣጠር በ2011 ለቆዩት ዊንዶውሶችም ያንን በር በአፕዴት ዘጋው። ዛሬ የፍላሽ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ የእኛን ክሊክ ይፈልጋል። ስለዚህ ክሊኩን ንፈጉት። ፍላሽ ስትሰኩ መጀመሪያ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ በዲፌንደር ስካን አድርጉ። «ሴቲንግስ» ውስጥ «አውቶፕሌይ»ን አጥፉ። ያው «ቪው» ውስጥ ደግሞ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን አብሩ። ይቺ ትንሽ ነገር ብዙ ታድናለች። የፒዲኤፍ ምልክት ለብሶ የመጣ ፋይል ጭራው ላይ «ኢኤክስኢ» ካለው ደብዳቤ ሳይሆን ፕሮግራም ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ፍላሹን ኮፒ ቤት አለመውሰድ ነው። ቀኑን ሙሉ የስንቱ ፍላሽ እየተሰካ የሚነቀልበት ማሽን ነው፣ ልጆቹ ላይ አልፈርድም። አብዛኞቹ ቴሌግራም አላቸው። ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ወደነሱ አካውንት ላኩትና «የላክሁትን ሁለት ኮፒ» በሏቸው። እነሱ ኮምፒውተር ላይ የራሳችሁን ቴሌግራም እንዳትከፍቱ ብቻ፣ ረስታችሁት ትወጣላችሁ። ፊልም የምታስጭኑበትን ፍላሽም ከሥራችሁ ፍላሽ ለዩ። እኔ የፊልሙን ቀይ ክር አስሬበታለሁ፤ ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

ቀጥሎ ክራክ፣ ማለትም የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፈል የሚያስከፍት የተሰበረ ቅጂ። እዚህ ላይ ማንንም መምከር አልችልም ነበር፣ ራሴ ካልተቃጠልኩ በቀር። በ2012 ዓ.ም. የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ፈልጌ ክራኩን አወረድኩ። መመሪያው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። አጠፋሁ። በማግስቱ ጠዋት ፎቶዎቼ ሁሉ ስማቸው ጭራ ላይ የማላውቃቸው አራት ፊደሎች ተቀጥለውባቸው አንዳቸውም አልከፈት አሉ። አጠገባቸው የጽሑፍ ፋይል አለ፦ 980 ዶላር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከጻፍክ ግማሹ 490። ስቶፕ ወይም ደጃቩ የሚባለው ፋይል ቆላፊ ነው፤ ዋና መንገዱ ክራክ ነው። የወንድሜ የሠርግ ፎቶ እዚያ ውስጥ ነበር። መጠባበቂያ ብዬ የያዝኩት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክም ማታውን ተሰክቶ ስላደረ አብሮ ተቆለፈ። አልከፈልኩም። ቢከፈልም ቁልፉ ስለመላኩ ማን ዋስ ይሆናል? ለዚህ ዓይነቱ አንዳንድ ቁልፎች «ኖ ሞር ራንሰም» በሚባለው፣ የሆላንድ ፖሊስና ዩሮፖል ከሌሎች ጋር በከፈቱት ድረ ገጽ በነፃ ይገኛሉ። የኔ አልተገኘም።

ስለዚህ «አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚል መመሪያ ስታዩ እዚያው ላይ አቁሙ። ሌባ ውሻውን እሰሩልኝ ሲላችሁ ነው። ለቤት ሥራ ክራክ የማያስፈልጋቸው ነገሮች ሞልተዋል። ለጽሑፍ ሊብሬኦፊስ፣ ለፊልም ቪኤልሲ፣ ዚፕ ለመክፈት ሰቨን ዚፕ፣ ለቪዲዮ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው። ለአማርኛ መጻፊያ ብለው ከየቴሌግራም ቻናሉ የተሰበረ ፓወር ግዕዝ የሚያወርዱም አሉ። ኪማን በነፃ አለ፣ ዊንዶውስም የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ፕሮግራሙን ስትፈልጉ ግን ከላይ «ስፖንሰርድ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ውጤት ዝለሉት። ማስታወቂያ ነው፣ አስመሳይ ገጾችም ቦታ የሚገዙት እዚያ ነው።

ማስታወቂያን ካነሳን አይቀር፣ ሰው «ቫይረስ ነው» ብሎ ከሚያመጣልኝ ላፕቶፕ ብዙው ቫይረስ የለበትም። ስክሪኑ ጥግ ላይ በየደቂቃው «ኮምፒውተርዎ ተበክሏል!»፣ «አሸንፈዋል!» የሚል ሳጥን ብቅ ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ ጨዋታ በነፃ ለማየት አንዱ ድረ ገጽ ላይ ገባችሁ። «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ» አላችሁ። ጨዋታው እየጀመረ ነው፣ ተጫናችሁ። በቃ፣ ለዚያ ድረ ገጽ ማሳወቂያ እንዲልክላችሁ ፈቀዳችሁለት። አንቲቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ አያወጣውም፣ የፈቀዳችሁት እናንተ ናችኋ። ክሮም ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ» ግቡና ዝርዝሩን እዩ። የማታውቁትን ሁሉ አስወግዱ። ከዚያ ድረ ገጾች ጨርሶ እንዳይጠይቋችሁ የሚያደርገውን ምረጡ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሰው ግን ተአምር የሠራችሁ ይመስለዋል። ባለፈው ለዚህች ሥራ አንድ እንጀራ ሽሮ በልቻለሁ።

መላውን ስክሪን ይዞ እየጮኸ «ወደዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚልም አለ። አትደውሉ። «ኢስኬፕ»ን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ ካልሆነ በ«ታስክ ማኔጀር» ብራውዘሩን ዝጉት። ሲከፈት «የቀድሞውን ገጽ ልመልስ?» ካላችሁ እምቢ በሉ።

ማስታወቂያውን ከሥሩ ለማድረቅ ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን ጫኑ። ሬይመንድ ሂል የሚባል ሰው የሚሠራው ነው፣ ነፃ ነው። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ስላሉ «ኦሪጅን» የሚለው ቃል መኖሩን እዩ። ክሮም የኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ሕጉን ስለቀየረ ሙሉው እዚያ አይሠራም፤ «ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት» የሚባለው አነስተኛው አለ፣ ከምንም ይሻላል። እኔ ዋናው ስላማረኝ ወደ ፋየርፎክስ ዞርኩ። እኛ በሞባይል ዳታ ለምንኖር ሰዎች ይሄ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በየገጹ በራሱ የሚጫወተው የማስታወቂያ ቪዲዮ የሚበላው የእናንተን ጥቅል ነው። በማስታወቂያ የሚተዳደርና የምትወዱት ገጽ ካለ ለእሱ ብቻ ማጥፋት ይቻላል፣ እኔም ለሁለት ሦስቱ አጥፍቻለሁ። ሌሎች ኤክስቴንሽኖችን ግን ቁጠሯቸው። «ኩፖን»፣ «ፒዲኤፍ መለወጫ»፣ «የአየር ሁኔታ» የሚሉ፣ መቼ እንደጫናችኋቸው የማታስታውሷቸው፣ ይውጡ።

ልጆች የሚጠቀሙበት ቤት ከሆነ ዲኤንኤሱንም (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚመልሰውን አገልግሎት) ቀይሩት። የክላውድፍሌር 1.1.1.2 እና 1.0.0.2 የታወቁ የቫይረስ ገጾችን ይዘጋል፣ 1.1.1.3 ደግሞ የአዋቂ ገጾችንም ይጨምራል። ዋይፋይ ራውተሩ ላይ ካስገባችሁት ለቤቱ ሁሉ ይሆናል።

አፕዴት የሚሉት ነገር አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዋናክራይ የሚባለውን ፋይል ቆላፊ ቫይረስ አስታውሱ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓለምን ሲያዳርስ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የደፈነበት አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተመቱት ያልጫኑት ናቸው። ዳታ ለመቆጠብ ኔትወርኩን «ሚተርድ» (ዳታው የሚቆጠር) ያደረጋችሁ ከሆነ አብዛኛው አፕዴት በራሱ አይወርድም። ስለዚህ በወር አንድ ቀን የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ ራሳችሁ አውርዱት። ዴስክቶፕ ከሆነ መብራቱ ሄድ መጣ በሚልበት ሰዓት አትጀምሩት፣ መሃል ላይ ከጠፋ ዊንዶውሱ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽናችሁ 11ን ከቻለ እለፉ። ካልቻለና ሥራችሁ ኢንተርኔትና ጽሑፍ ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነውን ነፃውን ሊነክስ ሚንት አስቡበት፣ እናቴ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭኜላት ልዩነቱን እንኳ አላስተዋለችም።

ቫይረሱ ገብቶ ከሆነስ? መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ቁረጡ። ከዚያ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን»ን ምረጡ። ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሙሉ ለሙሉ ሳይከፈት ይፈትሻል፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። የሚደበቁት በብዛት የሚያዙት በዚህ ነው። ብራውዘሩ መፈለጊያውን በራሱ የሚቀይር ከሆነ ከስካኑ በኋላ ኢንተርኔቱን መልሳችሁ አድደብልዩ ክሊነር የሚባለውን ነፃ መሣሪያ ከማልዌርባይትስ ገጽ አውርዱና አስኪዱት። የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ፣ ግን ከታመመው ኮምፒውተር ሳይሆን ከስልካችሁ። መጀመሪያ ኢሜይሉን፣ ቀጥሎ ባንኩን።

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬ አሁን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዎቹ ሥር ነው የሚኖረው። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ይወጣል፣ ፎቶው ይገለበጥበታል፣ ይነቀላል፣ ይመለሳል። ባለቤቴ ካልነቀልኩት አታስተኛኝም፤ የወንድሜን ሠርግ ፎቶ እሷም አልረሳችውም።