አግዳሚው ሁለት ክረምት አልዘለቀም፦ ከውጭ ሆናችሁ አገር ቤት በእንጨት ለምታሠሩ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የድሮ የክፍል ጓደኞች ተሰባስበን ገንዘብ አዋጣን። ዋሽንግተን ያለው፣ ስቶክሆልም ያለችው፣ ዱባይ ያለው፣ ሁሉም የአቅሙን ላከ። ደሴ በተማርንበት ግቢ ልጆች በዕረፍት ሰዓት የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበርና አንድ የጥላ ዳስ እናሠራ ብለን ነው። ሥራው አለቀ፣ ፎቶ መጣ፣ ቨርኒሹ ያብረቀርቃል። በግሩፑ ላይ ስንት የጭብጨባ ምልክት እንደተለቀቀ አትጠይቁኝ።

ሁለተኛው ክረምት እንዳለፈ የአክስቴ ልጅ ሌላ ፎቶ ላከችልኝ። የአግዳሚው እግር ከሲሚንቶው በሚወጣበት ቦታ ጣቷን ከትታዋለች። ገብቷል። እንደ ዳቦ።

አናጢው ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ምን እንጨት ነው ያደረጉልን?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ጠንካራ እንጨት አላችሁኝ፣ ጠንካራ አደረግሁላችሁ» አሉኝ። ባሕር ዛፍ ነው። አልዋሹም። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ምስማር እንኳ ያጣምማል። ጥፋቱ የኛ ነበር። «ጠንካራ» እና «የማይበሰብስ» አንድ መስሎን ነበር።

እንጨት የሚበሰብሰው በፈንገስ ነው። ፈንገሱ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። የእንጨቱ ርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ሥራ አይጀምርም። አውሮፓውያን እንጨትን መበስበስን በመቋቋም አቅሙ በአምስት ደረጃ ይመድቡታል፤ 1 ከሁሉም የሚቆየው፣ 5 ቶሎ የሚሄደው። ደረጃው የሚመለከተው የግንዱን እምብርት ብቻ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል የየትኛውም ዛፍ ይሁን ቶሎ ይበላል። ስለዚህ የጣውላ ፎቶ ሲላክላችሁ መጀመሪያ ጠርዙን እዩ። አንድ ጎኑ ነጣ ካለ ለውጭ ሥራ አይሆንም።

የኛ አገር ሰው ይህን ድሮ ያውቀዋል። ደብረ ዳሞና ይምርሐነ ክርስቶስ በድንጋይና በእንጨት ንብርብር የተሠሩ ናቸው፣ ዘመን ተሻግረዋል። ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ መሆኑን ግን ልብ በሉ። ዝናብ አያገኘውም። እንጨቱ ጥሩ ነው፣ ጣሪያው ደግሞ ተራራ ነው።

እንጨት መምረጡ ላይ ነገሩ ትንሽ ይከብዳል። ለውጭ የሚሆኑት ጥድና ወይራ ናቸው። ጥድ ምስጥ አይደፍረውም። ወይራ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል፣ መጋዝም ይፈጃል። ዋንዛ ለበርና ለዕቃ ግሩም ነው፤ ዝናብ ላይ ግን መካከለኛ ነው። ዝግባ መልኩ ያምራል፣ ውጭ ግን አይቆይም። ችግሩ እነዚህ ዛፎች መመናመናቸው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም የጠቀሳቸው ኮሶ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ጥድ ነበሩ። አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። በአጭሩ፣ «ርካሽ ጥድ አግኝቻለሁ፣ ማታ ይመጣል» የሚላችሁ ሰው ካለ አትላኩ። ደረሰኝና እንጨቱ ከየት እንደተነሣ የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ።

እኛ በሁለተኛው ዙር የወሰድነው ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት ነው። አሮጌ ቤት በፈረሰ ቁጥር ምሰሶና ወራጅ ይወጣል፣ አብዛኛው ማገዶ ይሆናል። ብዙ ዓመት የደረቀ ጥድ በማገዶ ዋጋ ሲሸጥ ማየት ያናድዳል። ውስጡ የተደበቀ ምስማር የመጋዝ ጥርስ ይሰብራል፣ ስለዚህ አናጢው የጉልበት ዋጋ ይጨምራል። ይጨምር።

አዲስ ከውጭ የገባ እንጨት ከመረጣችሁ የኤፍ ኤስ ሲ (እንጨቱ በአግባቡ ከተያዘ ደን መምጣቱን የሚያረጋግጥ ዓለም አቀፍ ማኅተም) ቁጥሩን ጠይቁና ራሳችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈትሹት። ማኅተሙን ማተም ቀላል ነው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ የተረፈ የኤሌክትሪክ ምሰሶ «መድኃኒት የጠጣ ነው፣ አይበሰብስም» ተብሎ ለልጆች መቀመጫ እንዳይቆረጥ። መድኃኒቱ አርሴኒክ ያለበት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደዚያ ወደ ሲሚንቶው ልመለስ፣ ገንዘባችንን የበላው እሱ ነው። ሁሉም ሰው የእንጨት እግር ሲሚንቶ ውስጥ ሲቀበር የተጠበቀ ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በዙሪያው ቀጭን ክፍተት ይፈጠራል፣ ዝናቡ እዚያ ገብቶ ይቀመጣል። ሲሚንቶው ሳህን ሆነ ማለት ነው። እንጨት ደግሞ ውሃ አብልጦ የሚጠጣው መጋዝ በቆረጠው ጫፉ ነው፣ የእግሩም ጫፍ እዚያው ሳህን ውስጥ ነው። ደሴ በበልግም በክረምትም ይዘንባል፣ እግሩ የሚደርቅበት ጊዜ አልነበረውም። አሁን ያሠራነው እንዲህ ነው፦ ሲሚንቶው ውስጥ የሚቀበረው ብረት ነው፣ እንጨቱ ብረቱ ላይ በብሎን ይታሰራል፣ ከመሬት አምስት ሳንቲም ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። በመቀመጫው ጣውላዎች መካከል ትንሹ ጣት የማትገባበት፣ ውሃ ግን የሚወርድበት ክፍተት አለ። ብሎኑ የማይዝግ ነው፤ ተራ ምስማር ርጥብ እንጨት ላይ ጥቁር ያስለቅሳል።

ቨርኒሹንም ተውነው። የደጋ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ ውሃው ከሥሩ ይገባና አይወጣም። ውስጥ ድረስ የሚሠርግ የእንጨት ዘይት ይሻላል። ለምግብ የሚጨመቀው የተልባ ዘይት ግን ቶሎ አይደርቅም፣ አቧራ ይሰበስባል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ላይ አይጣል፣ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ጊዜ ሲያልፍ እንጨቱ አመድማ ይሆናል። ያ የፀሐይ ሥራ ነው፣ መበስበስ አይደለም፣ ደንግጣችሁ አታስፍቁት።

ከሩቅ ሆኖ መቆጣጠሩስ? ያለቀ ሥራ ፎቶ ምንም አይነግራችሁም። እኔ የላክሁት የእንጨት ርጥበት መለኪያ ነው። ከ50 ዶላር በታች ይገኛል፣ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዝም። የአክስቴ ልጅ ጣውላ ቤት ሄዳ መርፌውን ስትወጋው ቪዲዮ ላይ ቁጥሩ ይነበባል። አንዱ ነጋዴ «ደረቅ ነው፣ በእግዜር» ያለው ጣውላ 31 አለ። ክፍያውንም በሦስት ከፈልነው፦ እንጨቱ ደርሶ ከተለካ በኋላ፣ ብረቱ ተተክሎ ሲታይ፣ መጨረሻ ላይ።

ወረቀቱን በተመለከተ አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ጉዳዬን ሁሉ ያስፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ስጦታ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። አግዳሚ ለትምህርት ቤት ወይም ለቤተ ክርስቲያን በስማችሁ የሚያስረክብ ሰው ካለ፣ ኤምባሲ ሄዳችሁ ስታስጽፉ «ስጦታ» የሚለው ቃል ይግባበት። አለዚያ ውልና ማስረጃ ሄዶ ይመለሳል። ዘይቱን በየዓመቱ ማን ይቀባል የሚለውም ርክክቡ ላይ ይጻፍ። እኛ ጋ የጥበቃው ሰው በግንቦት ይቀባል፣ የዘይቱን ዋጋ እኛ እንልካለን።

አግዳሚዎቹ አሁን ሦስተኛ ክረምታቸውን ጨርሰዋል። ባለፈው የመጣው ቪዲዮ ላይ መለኪያው 15 ይላል። የጥላው ዳስ ግን እንደገና አልተሠራም። ለእሱ የሚሆን ረጅም ጥድ ከየትም አላገኘንም፣ ቤት የሚያፈርስ ሰው እየጠበቅን ነው።