ዶቭቴይል ከተር ሲሰበር፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲፋተግ፦ ችግርና መፍትሄ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከቤቴ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ብረት በሚዞር ጥርስ የምትጠርብ ትንሽ ሚሊንግ ማሽን አለችኝ። በሷ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደ ዶቭቴይል ያስቸገረኝ የለም። ያ ከአፉ ጠቦ ከታች የሚሰፋው፣ አንዱ ብረት በሌላው ውስጥ የሚንሸራተትበት ቦይ ማለቴ ነው። ያጋደለ ግድግዳውን የሚቆርጠው ባለ ጥርስ መሣሪያ ዶቭቴይል ከተር ነው። ስንት ብረት አበላሽቼበታለሁ። የገጠመኝን፣ መጀመሪያ ዓይንና ጆሮ ላይ ከሚመጣው ምልክት ተነስቼ ልንገራችሁ።

ከተሩ አንገቱ ላይ ተቆረጠ

ከሁሉም የሚያናድደው ይሄ ነው። ቅርጹን እዩት፤ ታች ጥርሱ ሰፊ ነው፣ ላይ አንገቱ ቀጭን። የመጀመሪያዬን ያልተነካ ብረት ውስጥ በቀጥታ አስገባሁት። ድምፁ ወፈረ፣ ከዚያ ቀጭ አለና ጥርሱ ቦዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። የተቆረጠበትን ሳየው ግራጫ ነው፤ እንደ ስኳር ፍርክስክስ ያለ።

ጥፋቱ የከተሩ አልነበረም። ቁፋሮ የሱ ሥራ አይደለም። መጀመሪያ በተራ ኤንድ ሚል (ጎኑ ቀጥ ያለ መቁረጫ) ቦዩን ቀጥ አድርጋችሁ ቆፍሩ፤ ከወለሉ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ አስቀሩ። ለዶቭቴይል ከተሩ በጎንና በጎን ያለችው ሦስት ማዕዘን ብቻ ትቅርለት። እሷንም በ0.3 ሚሊ እየጨመራችሁ ውሰዱ። ወደ መጨረሻው የከተሩ ጎን ሙሉ በሙሉ ስለሚነካ ከዚያም ቀንሱ። ደግሞ ከተሩ በቦዩ ጫፍ ሳይወጣ ወደ ላይ እንዳታነሱት። በኤንድ ሚል የለመደ እጅ ሳያስበው ያነሳዋል፣ አንገቱም እዚያው ይሄዳል።

እኛ ሰፈር አንድ ሌላ ምክንያት አለ፦ መብራት። ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ ኃይሉ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይደክማል። እጃችሁ ግን በለመደው ፍጥነት መግፋቱን አይተውም። እኔ ዶቭቴይልን የጠዋት ሥራ አድርጌዋለሁ። ማታ የግድ ከሆነ ጆሯችሁን ስጡት፤ ሞተሩ ሲያቃስት መግፋት አቁሙ።

ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳው ላይ ሞገድ ይተዋል

በቅድሚያ ፍጥነቱን እዩ። ለሃይ ስፒድ (ጠንካራ የመሣሪያ ብረት) ከተር፣ ለስላሳ ብረት ላይ፣ የጥርሱ ጫፍ በደቂቃ 25 ሜትር ግድም ቢሄድ ይበቃል። ለ25 ሚሊ ከተር ይሄ በደቂቃ ወደ 320 ዙር ይሆናል። አንገቱ ቀጭን ስለሆነ እኔ ወደ 200 አወርደዋለሁ።

ከዚያ አያያዙን። ከተሩን በትራፓኖ ቸክ (የመሰርሰሪያ መያዣ) አትያዙት፤ ቸኩ ለጎን ግፊት አልተሠራም። ኮሌት (ዙሪያውን አጥብቆ የሚይዝ ቀለበት) ይሁን፣ ከተሩም በተቻለ መጠን አጥሮ ይታሰር። የማታንቀሳቅሱትን አቅጣጫ ሁሉ ቆልፉ። አንድ የሰፈር ልጅ እንዲህ ዓይነት ሞገድ አይቶ «ጋሼ፣ ከተሩ ደንዟል መሰለኝ» ብሎኝ ነበር። ስናየው የቁመቱ ቁልፍ ላልቷል። አጠበቅነው፤ ያው ከተር እንደ መስታወት ጠረበው። ብረቱን ደግሞ ሁልጊዜ ከጥርሱ ዙረት በተቃራኒ ግፉት። በዙረቱ ከሄዳችሁ ጥርሱ ብረቱን ወደ ራሱ ይስበዋል።

አንዱ ጫፍ ይገባል፣ ሌላው ይጣበቃል

ሁለቱ ግድግዳዎች እኩል አልሄዱም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ጎን ጨርሶ፣ ሞርሳውን ፈትቶ ብረቱን ከማዞር ይመጣል። ሁለቱንም ጎን በአንድ አያያዝ ጨርሱ።

ሹሉን ጠርዝ በካሊፐር መለካትም ያሳስታል፤ ትንሽ ብረት ጫፉ ላይ ተርፎ ከሆነ ቁጥሩ ውሸት ነው። ሁለት እኩል ክብ ዘንጎች ማዕዘኖቹ ውስጥ አስቀምጡ። እኔ የ6 ሚሊ መሰርሰሪያ እጀታ ነው የምጠቀመው፤ በማይክሮሜትር አረጋግጬ። ለ60 ዲግሪ፣ የዘንጉን ውፍረት በ2.732 አባዙት፤ ለ6 ሚሊ 16.39 ይመጣል። ለወንዱ (ለተንሸራታቹ ብረት)፣ ከታች ባለው ጠባብ ስፋት ላይ ደምሩት፤ ከዘንግ ውጭ እስከ ዘንግ ውጭ የምትለኩት እሱን ነው። ለሴቷ (ለቦዩ)፣ ከወለሏ ስፋት ላይ ቀንሱት፤ በዘንጎቹ መሃል ያለው ክፍተት ይሆናል። በሁለቱም ጫፍ ለኩ።

ይገባል ግን ይወዛወዛል

ሰማያዊ ቀለም ቀብታችሁ አንሸራቱት። ግድግዳው ላይ ቀጭን መስመር ብቻ ከታየ ዲግሪው አልገጠመም። 45፣ 55 እና 60 ዲግሪ ከተሮች አሉ፤ 55 እና 60 በዓይን አይለዩም። ለአሮጌ ማሽን መለዋወጫ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት የማሽኑን ለኩ። አዲስ ከሆነ ወንዱንም ሴቷንም በአንድ ከተር ቁረጡ።

ራሴ የሠራሁት ከተር አይቆርጥም፣ ይፋተጋል

የምትፈልጉት ልክ ገበያ ላይ ካጣችሁ ሥሩት። በኔ ግምት ለትንሽ ማሽን እንዲያውም ባለ አንድ ጥርሱ ይሻላል፤ ሞተሩን አያስጨንቅም። ምናለሽ ተራ ወፍራም ዘንግ ፈልጉ፣ ቶርኖ ላይ አስተካክሉት፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ካርባይድ ኢንሰርት (የሚቀየር ጠንካራ ጥርስ) እሰሩበት። ሦስቱም ጎኑ እኩል ስለሆነ 60 ዲግሪው ከራሱ ይመጣል። የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ጋር እኩል ይተኛ።

ከተፋተገና ከጨሰ ግን መቀመጫው አብዝቶ ተቆፍሯል። የኢንሰርቱ ፊት ከዘንጉ መሃል መስመር ወደ ኋላ ሲቀር ጀርባው ብረቱን ይነካል። ከአሮጌ ፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ቁራጭ ቆርጣችሁ ከሥሩ አስገቡ፣ ፊቱ መሃል መስመሩ ላይ እስኪመጣ። የጫፉ ክብነት 0.4 ሚሊ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ኢንሰርት ምረጡ። ያም ሆኖ ቦዩ ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ይቀራል፤ የወንዱን ሹል ጠርዝ በሞረድ ሁለት ሦስቴ አንሱለትና አንሸራቱት።