የማግኔትና የትራንዚስተር ጥምር ሚሞሪ አስተማማኝነት እንዴት ይፈተሻል?

ኤምራም የሚባለው ሚሞሪ መረጃን የሚይዘው በማግኔት አቅጣጫ ስለሆነ ኃይል ቢቋረጥም አይረሳም። በስፒን ቶርክ ኤምራም (የማግኔቱን አቅጣጫ በኤሌክትሪክ ጅረት በሚገለብጠው ዓይነት) እያንዳንዱ ሴል፣ ማለትም አንድ 0 ወይም 1 የሚይዘው ክፍል፣ ሁለት ማግኔታዊ ንጣፎችና በመካከላቸው 1 ናኖሜትር ገደማ የሚወፍር የማግኒዥየም ኦክሳይድ ንጣፍ አለው፤ የሚጽፉትና የሚያነቡት ግን ከሥር ያሉት የሲሊከን ትራንዚስተሮች ናቸው። ስለዚህ ጥሩ ፍተሻ ስህተትን ከመቁጠር አልፎ ስህተቱ ከየትኛው ወገን እንደመጣ መለየት አለበት።

አስቀድመው የአምራቹን ዳታሺት (የቺፑን ቴክኒካዊ መግለጫ) ያንብቡ። መረጃው ለስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚገልጽ ቁጥር በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደተለካ ካልተጻፈ ብዙም አይጠቅምም። በተለመደው ስሌት፣ የማግኔቱን አቅጣጫ መገልበጥ የሚከላከለው ጉልበት ከሙቀት ጉልበት 40 እጥፍ የሆነ አንድ ሴል በአማካይ 7 ዓመት ተኩል ያህል ይቆያል፤ እንዲህ ያሉ አንድ ሚሊዮን ሴሎች በያዘ ቺፕ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ሴል በአማካይ 4 ደቂቃ ሳይሞላ ይገለበጣል። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይህ እጥፍ ይወርዳል።

ቀጥሎ፣ ቺፑ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ስህተትን በራሱ እየለየ የሚያስተካክለውን አራሚ ኮድ ያጥፉ፤ አለበለዚያ የሚያዩት የተሸፈነ ውጤት ነው። ከዚያ ሁሉንም ሴሎች በ0፣ በ1፣ በመጨረሻም 0 እና 1 በሚፈራረቁበት ንድፍ እየሞሉ መልሰው ያንብቡ።

ስህተት ሲገኝ ወዲያው እንደገና አይጻፉ፤ ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ያንኑ አድራሻ ደግመው ያንብቡ። ሁለተኛው ንባብ ትክክል ከሆነ የሚጠረጠረው የንባብ ሰርኪዩቱ ነው። ንባቡ አሁንም ስህተት ሆኖ እንደገና ሲጻፍ ከተስተካከለ፣ ሴሉ ሲጻፍ አልተገለበጠም ወይም በኋላ በራሱ ተገልብጧል፤ ይህ የማግኔቱ ወገን የዘፈቀደ ጠባይ ሲሆን በሚቀጥለው ዙር በሌላ ሴል ላይ ሊታይ ይችላል። ተጽፎም ካልታረመ ኦክሳይዱ ተበስቷል ወይም ትራንዚስተሩ ተበላሽቷል፤ ስህተቶቹ በአንድ ረድፍ ከተሰለፉ ችግሩ በአብዛኛው የሰርኪዩቱ ነው።

የመጻፊያ ቮልቴጅን ከፍ በማድረግ የጽሕፈት ስህተትን መቀነስ ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ቀጭን ኦክሳይድ ቶሎ ስለሚያረጅ ከዳታሺቱ ወሰን እንዳያልፉ አጥብቄ እመክራለሁ።

በመጨረሻ የታወቀ ንድፍ ጽፈው ኃይሉን ያቋርጡ፣ ቺፑን በተፈቀደለት ከፍተኛ ሙቀት ያቆዩት፣ ሲቀዘቅዝም ሳይጽፉ ያንብቡት። ይህንኑ በጽሕፈት መካከል ኃይል በማቋረጥ ይድገሙ፤ መሣሪያዎ በሥራ ላይ ሳለ መብራት ሲጠፋ የሚደርስበት ይኸው ነውና።