በኮሞዶር 64 ሙዚቃ ስትሠሩ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ሲወጣ ውስጡ ሲድ የሚባል የድምፅ ቺፕ ነበረው። የነደፈው ቦብ ያንስ ነው፤ በኋላ ኤንሶኒክ የተባለውን የሲንተሳይዘር ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ። ሰውዬው ሙዚቃ የገባው ነበር ማለት ነው። የሰጠን ግን ሦስት ቻናል፣ አራት ዓይነት ሞገድና አንድ ፊልተር (ድምፁን የሚያጣራ ክፍል) ነው። አለቀ።

በዚህችው ቺፕ የአውሮፓ ወጣቶች አንድ ባህል ፈጠሩ። መጀመሪያ የጌም የቅጂ መከላከያ ቁልፍ እየሰበሩ ከጌሙ በፊት የራሳቸውን ትንሽ መግቢያ ይለጥፉ ነበር። ቀስ በቀስ መግቢያው ከጌሙ በለጠና ዴሞሲን የሚባለው፣ በኮምፒውተር ምስልና ሙዚቃ አቀናብሮ «ዴሞ» የሚባል ትርኢት የመሥራት ባህል መጣ። ፊንላንድ በ2020 በሀገር አቀፍ የባህል ቅርስ መዝገቧ ውስጥ አስገብታዋለች። በጀርመን ዛርብሩከን በየዓመቱ በምዕራባውያኑ ፋሲካ ሰሞን በሚካሄደው ሪቪዥን የተባለ የዴሞ ውድድር ላይ ዛሬም ሰው በኮሞዶር ይወዳደራል።

እናንተም ጎት ትራከርን ወይም ሲድ ዊዛርድን አውርዳችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ ሁለቱም ነፃ ትራከሮች ናቸው፤ ትራከር ማለት ኖታ ከላይ ወደ ታች በረድፍ እየተጻፈ ሙዚቃ የሚሠራበት ፕሮግራም ነው። ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው እነዚህ ላይ ነው።

ዜማውን ሌላ ቦታ ጨርሶ ማምጣት

በዘመናዊ ሶፍትዌር ሃያ ትራክ ያለው ሙዚቃ ይሠሩና ወደ ሲድ ሊያስገቡት ይታገላሉ። ሲቀነስ፣ ሲቀነስ፣ የቀረው አጥንት ብቻ ይሆናል። በቺፑ ላይ የሚያምረው ሙዚቃ እዚያው ቺፑ ላይ የተፀነሰው ነው። መጀመሪያ አንድ የሚጥም ባስ ሥሩ። ዜማው ከዚያ ይመጣል።

ቴምፖን እንደ ልብ መምረጥ

«128 ቢፒኤም (ምት በደቂቃ) ይሁንልኝ» ብትሉ አይሆንም። የአውሮፓው ኮሞዶር ስክሪኑን በሰከንድ 50 ጊዜ ይስላል፣ አንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል፤ የሙዚቃው ፕሮግራምም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው በዚያው ፍጥነት ነው። አንድ የትራከር ረድፍ 6 ፍሬም ቢቆይና አራት ረድፍ አንድ ምት ቢሆን 125 ይወጣል። 5 ፍሬም ካደረጋችሁት 150፣ 7 ካደረጋችሁት 107 ገደማ። መሃል ያለውን ከፈለጋችሁ አንዱን ረድፍ 6፣ ቀጣዩን 5 አድርጉ፤ 136 አካባቢ ይሆናል። በዚያ ላይ ምቱ ትንሽ ይወዛወዛል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ያምርበታል።

የአሜሪካው ማሽን በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚሄድ ያው ሙዚቃ እዚያ 20 በመቶ ይፈጥናል። የሰዓቱም ፍጥነት ስለሚለይ ቃናው በትንሹ ከፍ ይላል።

ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ቻናል መስጠት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ባስ አንድ፣ ዜማ ሁለት፣ ከበሮ ሦስት ብሎ የመደበ ሰው ገና ሳይጀምር ቦታ አልቆበታል። ኮርዱን የት ሊያደርገው ነው?

ኮርድ በአንድ ቻናል ይገባል። ቻናሉ በየፍሬሙ ኖታ እንዲቀያይር ታደርጉታላችሁ፤ አርፔጂዮ የሚባለው ነው። በትራከሩ ሰንጠረዥ 0፣ 4፣ 7 ብላችሁ ከጻፋችሁ ሜጀር ነው፤ 0፣ 3፣ 7 ከሆነ ማይነር። ቁጥሮቹ ከመነሻው ኖታ ስንት ግማሽ ቶን ከፍ እንደሚባል ይናገራሉ። በሰከንድ 50 ጊዜ ሲቀያየር ጆሮ መከታተል ያቅተውና አንድ የሚንቀጠቀጥ ኮርድ ይሰማል። ታዲያ ጣፈጠ ተብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነፋም፤ ራስ ያዞራል። ዜማው ሲያርፍ አስገቡት፣ ዜማው ሲመለስ አውጡት።

ከበሮና ባስም አንድ ቻናል ላይ ተስማምተው ይኖራሉ። ትልቁን ከበሮ በፍሬም ቆርጠን እንየው። የመጀመሪያው ፍሬም ላይ ኖይዝ (እንደ «ሽሽ» ያለ ጫጫታ) ሞገድ፣ ከፍ ባለ ቃና፦ «ጠ» የምትለዋን ግጭት የሚሰጠው እሱ ነው። ሁለተኛው ላይ ወደ ፐልስ (ባለ አራት ማዕዘን ሞገድ) ይቀየራል፣ ቃናው መካከለኛ። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ቃናው በፍጥነት ይወርዳል። አምስተኛው ላይ ባሱ ቦታውን ይረከባል። ይሄ ሁሉ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ አይበልጥም፤ ባሱ እንደተቋረጠ ማንም አይነቃም። ስኔር (ሹል ድምፅ ያለውን ትንሽ ከበሮ) ከፈለጋችሁ ከፐልሱ በኋላ ኖይዙን መልሱትና ቀስ ብሎ ይሙት። ዜማ የያዘው ቻናልም ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ማሚቶ ሊጫወት ይችላል፦ ያንኑ ኖታ ዝቅ አድርጎ፣ ጥቂት ረድፍ አዘግይቶ። ባዶ ረድፍ ካያችሁ የሆነ ነገር ክተቱበት።

ፐልሱን ሳይንቀሳቀስ መተው

የፐልስ ሞገድ ስፋት 4096 ደረጃ አለው። አንዱ ላይ ተክላችሁት ከሄዳችሁ የበር ደወል ይመስላል። ቀስ እያለ ወዲያ ወዲህ እንዲሄድ አድርጉት። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ለውጡ ግን ያበደ ነው።

ኖታው ለምን እንደሚጠፋ አለማወቅ

አንዳንዴ ኖታው ትራከሩ ላይ ተጽፎ ይታያል፣ ሲጫወት ግን ይዘገያል ወይም ጭራሽ ይዋጣል። ሰው ትራከሩን ይሰድባል። ጥፋቱ የቺፑ ነው። የድምፁን አነሳስና አወራረድ የሚመራው ክፍል ውስጡ ቆጣሪ አለው። ቆጣሪው አዲስ የተሰጠውን ቁጥር አልፎ ሄዶ ከነበረ ወደ ኋላ አይመለስም፤ 32,768 ዑደት (የማሽኑ ሰዓት ምት) ዞሮ መምጣት አለበት። ይህ 33 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፣ ማለትም ከአንድ ፍሬም ተኩል በላይ። ለፈጣን ከበሮ ሞት ነው።

መድኃኒቱ ሃርድ ሪስታርት ይባላል። አዲሱ ኖታ ሊገባ ሁለት ፍሬም ሲቀረው የድሮውን ታጠፉና የአነሳስ አወራረድ ቁጥሮቹን ዜሮ ታደርጋላችሁ። ጥሩ ትራከሮች ራሳቸው ያደርጉታል፣ እናንተ ካላጠፋችሁባቸው። ለስለስ ያለ ዜማ ላይ ግን ብታጠፉት ይሻላል፤ በየኖታው መሃል ክፍተት ይፈጥራል።

ፊልተሩን በአንድ ማሽን ብቻ ሰምቶ ማመን

ፊልተሩ ለሦስት ሰው አንድ ጋቢ ነው። የትኛው ቻናል እንደሚገባበት መምረጥ ትችላላችሁ፤ የገቡት ግን ሁሉም በአንድ ቁጥር ይገዛሉ። ለባሱ ብላችሁ ዝቅ ስታደርጉት አብሮ የገባው ዜማም ይታፈናል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ቻናል ብቻ ስጡት።

ሌላ ጣጣም አለው። የድሮው ቺፕ 6581 ይባላል፤ በሰማንያዎቹ አጋማሽ ካለፈ በኋላ የመጣው ደግሞ 8580። በ6581 ፊልተሩ ከቺፕ ቺፕ ይለያያል። እናንተ ጋ ወፍራም ሆኖ የሚያጉረመርም ባስ ሌላው ቤት ጭራሽ ላይሰማ ይችላል። 8580 ንጹሕና የሚታመን ነው፣ ግን ያ ቆሻሻ ውበት የለውም። በድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው በኩል የሚጫወት የተቀዳ ድምፅም በ6581 ጮክ ብሎ ይሰማል፤ በ8580 እንደ ሹክሹክታ ነው። እኔ ብጠየቅ ለጀማሪ 8580 እመክራለሁ። 6581ን የሚወዱት ሰዎች በዚህ ይጣሉኛል፣ ይጣሉኝ። ኢሙሌተራችሁ (ኮሞዶርን በዘመናዊ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለው ፕሮግራም) ላይ ሁለቱንም እየቀያየራችሁ ስሙ።

ኮደሩን መርሳት

ሙዚቃችሁ ዴሞ ውስጥ ሲገባ ብቻውን አይደለም። አንድ ፍሬም 312 መስመር ነው፤ አንዱ መስመር 63 ዑደት። የሙዚቃው ፕሮግራም 31 መስመር ከበላ የማሽኑን አንድ አሥረኛ ወስዷል፤ ምስሉን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ፣ ማለትም ኮደሩ፣ ያን ጊዜ ይፈልገዋል። ለመለካት ሙዚቃው ከመጠራቱ በፊት የስክሪኑን ዳር ቀለም ቀይሩ፣ ሲጨርስ መልሱት። ዳር ላይ የምትታየው ባለቀለም ጭረት ውፍረት ዋጋችሁ ናት። ስታዩ ደግሞ አማካዩን ሳይሆን ድንገት የሚወፍርበትን ቅጽበት ያዙ፦ ሦስቱም ቻናል በአንዴ አዲስ ኖታ ሲጀምሩ ነው። በአንድ ፍሬም ሁለት ወይም አራት ጊዜ የሚጠራ ሙዚቃ ለብቻው ሲሰማ ይማርካል። ለዴሞ ከሆነ ግን ከኮደሩ ጋር ተነጋገሩ።

መረጃውን ሳይሞሉ መላክ

ፋይሉን ስታወጡ ስምና ዓመት ብቻ ሞልታችሁ አትላኩ። ለ6581 ነው ለ8580፣ በሰከንድ ለ50 ነው ለ60 ፍሬም የሚል ቦታ አለው። ባዶ ከተዋችሁት ማጫወቻው በራሱ ይገምታል፤ ተሳስቶ ከገመተ ፊልተራችሁ ሌላ ሰው የሠራው ይመስላል።