ለትንሽ ባለ ተክል አኳሪየም ለየት ያሉ ሰላማዊ ዓሦችን እንዴት እንደሚመርጡ

ትንሽ አኳሪየም አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ዓሣው ሲገዛ ነው። ተክሉ ሥር ይዟል፣ ውሃው ጠርቷል፤ ባለቤቱ ግን መደብር ገብቶ ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ ይሰበስባል፤ ከዚህኛው ሁለት፣ ከዚያኛው ሦስት፣ ከሌላው ደግሞ አንድ። ወር ሳይሞላ አንዱ የሌላውን ክንፍ ሲነጭ፣ ሌላው ከቅጠል ሥር አልወጣ ብሎ ሲከሳ ይታያል።

ይህን ለማስቀረት የምርጫውን ቅደም ተከተል መቀየር ይበቃል። መጀመሪያ ጠባዩን ሊያዩለት የሚፈልጉትን አንድ ዓሣ ይምረጡ፤ ከዚያ ተክሉንም ጎረቤቶቹንም ለእሱ በሚስማማው መንገድ ያዘጋጁ። በትንሽ ሳጥን ውስጥ የአንድ ዓይነት ዓሣ መንጋ ከስድስት ዓይነት ቅይጥ ይልቅ የሚታይ ነገር አለው። ዓሦች ሲፎካከሩ፣ ሲሽኮረመሙ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ሲታዩ የሚገኙት ከወገናቸው ጋር ሲኖሩ ነው።

1. ሳጥኑን ይለኩ

ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን በስሌት 54 ሊትር ይይዛል። አሸዋው፣ ድንጋዩ፣ እንጨቱና ከላይ ባዶ የሚተወው ቦታ ሲቀነስ ግን ለዓሦቹ የሚተርፈው ውሃ ከ40 እስከ 45 ሊትር ቢሆን ነው። የዓሣውን ብዛት የሚወስኑት በዚህኛው ቁጥር ይሁን። ቅርጹም ይታይ። ዓሣ የሚዋኘው በአግድም ነው፣ ኦክስጅንም ወደ ውሃው የሚገባው በላይኛው ገጽ በኩል ነው፤ ስለዚህ ረዘም ብሎ ዝቅ ያለ ሳጥን፣ ጠባብና ቁመታም ከሆነው ይሻላል። ከ20 ሊትር በታች ለሆነ ሳጥን ዓሣ አልመክርም። ቼሪ ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የውሃ ፍጥረትና ሞስ የሚባለው አጭር ተክል ብቻቸውን ያምሩበታል።

2. ውሃዎን ይወቁ

የዓሣ ኩስና የምግብ ትርፍራፊ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል። አሞኒያውን አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ሌላው ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ዓሣ ይገድላሉ፤ ናይትሬት ግን መጠኑ ካልበዛ አይጎዳም፣ ተክሎችም ይመገቡታል። ባክቴሪያዎቹ በማጣሪያውና በአሸዋው ውስጥ በበቂ መጠን እስኪራቡ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ የሚመገቡትን እንዲያገኙ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጨምሩላቸው። ምግብ እየጨመሩም አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ላይ ሲረጉ ሳጥኑ ለዓሣ ደርሷል። ሁለት ሴንቲሜትር የምታህል ዓሣ ስህተትን የመቋቋም አቅም የላትም፤ እዚህ ላይ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል።

ከዚያ የቧንቧ ውሃዎን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያውን) እና በውስጡ ያለውን የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን ይለኩ። ውሃውን በኬሚካል እየገፉ ለዓሣው ከመለወጥ ይልቅ ለውሃው የሚስማማ ዓሣ መፈለግ ይሻላል። የተጨመረው ኬሚካል ሲደክም ፒኤቹ ይዋዥቃል፣ ትንንሽ ዓሦችን ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ መዋዠቁ ነው የሚጎዳቸው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት ማርከሻ ይጨምሩበት። በክሎሪን ፋንታ ክሎራሚን የሚጠቀም የውሃ አገልግሎት ከሆነ ውሃውን በባልዲ ማሳደር ብቻውን አያጠራውም።

3. ዋናውን ዓሣ ይምረጡ

ከዚህ በታች ያሉት ሁሉም ትንንሽ ናቸው፣ ለተክል የሚመቹ ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም ሌላው የሌለው ጠባይ አላቸው። ሲገዙ ሳይንሳዊውን ስም ይዘው ይሂዱ፤ የንግድ ስም ከሻጭ ሻጭ ይለያያል።

ስፓርክሊንግ ጎራሚ፣ በሳይንስ ስሙ ትሪኮፕሲስ ፑሚላ፣ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዓሣ ነው። አራት ሴንቲሜትር ቢደርስ ነው። ዓይኑ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፣ ጎኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ አለው። ልዩ የሚያደርገው ግን ድምፁ ነው። የደረት ክንፎቹን ጅማቶች ወጥሮ በመልቀቅ ‘ቅርር ቅርር’ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ክፍሉ ጸጥ ካለ ከመስታወቱ ውጭ ይሰማል። ሁለት ወንዶች ሲገናኙ ክንፋቸውን ዘርግተው በዚህ ድምፅ ይፎካከራሉ፤ ጠቡ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ንክሻ ያልቃል። ከስንጥቡ በላይ ባለ ልዩ አካል አየር ስለሚተነፍስ በየጊዜው ወደ ውሃው ገጽ ብቅ ይላል። የማይናወጥ ውሃ፣ ከላይ ተንሳፋፊ ተክል፣ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይስማማዋል። አምስት ወይም ስድስት ይሁኑ። ለጀማሪ አንድ ዓሣ ብቻ ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት የምመርጠው ይህንን ነው።

ዳኒዮ ማርጋሪታተስ ወደ ገበያ የመጣው ጋላክሲ ራስቦራ በሚል ስም ነበር፤ አሁን በብዛት ሰለስቲያል ፐርል ዳኒዮ ይባላል። በምያንማር የሻን ግዛት፣ ሆፖንግ በምትባል ከተማ አቅራቢያ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 ተገኘ፣ ሳይንሳዊ ስም ያገኘውም በ2007 ነው። ጥቁር ሰማያዊ ገላው ላይ ዕንቁ የመሰለ ነጠብጣብ፣ ብርቱካናማ ክንፉ ላይ ጥቁር መስመር አለው። ገና እንደታወቀ ገዢ በርክቶበት ከተፈጥሮ መኖሪያው ተጠርጎ እንዳይወጣ ትልቅ ስጋት ነበር፤ በኋላ በሌሎች ቦታዎችም ተገኝቷል፣ በአኳሪየም ውስጥም በቀላሉ ይራባል። ስለዚህ በሰው እጅ የተራባውን ጠይቀው ይግዙ። የደጋ ዓሣ በመሆኑ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ይበቃዋል፣ ማዕድን ያለበትን ውሃም አይጠላም። ወንዶቹ ስለሚሳደዱ እንስቶቹ ይብዙ፣ ሞሱም ጥቅጥቅ ይበል።

የምዕራብ አፍሪካው ክላውን ኪሊፊሽ፣ ኤፒፕላቲስ አኑላተስ፣ የሚገኘው በጊኒ፣ በሴራሊዮንና በላይቤሪያ ነው። ጥቁርና ፈዛዛ ቢጫ ቀለበት የተፈራረቀበት፣ ጅራቱ ቀይና ሰማያዊ የሆነ፣ ከውሃው ገጽ ሥር ሳይንቀሳቀስ የሚያደባ ዓሣ ነው። በላይኛው ውሃ ላይ ብቻ ስለሚኖር ከሌሎች ጋር ቦታ አይጋፋም። ይዘላል፤ የማጣሪያው ቱቦ በሚያልፍባት ቀዳዳ እንኳን ሊወጣ ይችላል፣ ክዳኑ ክፍተት አይኑረው።

ስካርሌት ባዲስ፣ ዳሪዮ ዳሪዮ፣ የሕንድ የብራህማፑትራ ወንዝ ተፋሰስ ዓሣ ነው። ወንዱ ሁለት ሴንቲሜትር ሆኖ ደማቅ ቀይ ነው። ለማን እንደሚስማማ ግን አስቀድመው ይወቁ። ደረቅ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም፤ ዳፍኒያ ወይም አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ሁለቱም ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት ናቸው) በየቀኑ ማቅረብ የማይችል ሰው ባይገዛው ይሻላል። እንስቶቹ ቀለማቸው ደብዛዛ ስለሆነ ለገበያ የሚመጡት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ሦስት ወንድ በትንሽ ሳጥን ማስገባት ደግሞ ሁለቱን ማሰቃየት ነው። አንድ ወንድ ይበቃል፣ እንስት ከተገኘች አብራ ትግባ።

ሁለት ሌሎችን በአጭሩ ላንሳ። የሰሜን አውስትራሊያና የደቡብ ኒው ጊኒው ትሬድፊን ሬይንቦው ወንዱ ክር የመሰሉ ረጃጅም ክንፎች አሉት፤ አፉ በጣም ጠባብ ስለሆነ ምግቡ ይደቅለት፣ ክንፍ ከሚነጭ ዓሣ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል። የደቡብ አሜሪካው ፔንስልፊሽ፣ ናኖስቶመስ ኤኩዌስ፣ ጭንቅላቱን ወደ ላይ አዘንብሎ ይዋኛል። ሲመሽ መልኩ ይቀየራልና ሌሊት መብራት አብርተው ሲያዩት ታመመ ብለው አይደንግጡ።

አንድ ዓሣ ግን ከዚህ ዝርዝር ሆን ብዬ አስቀርቻለሁ። ፒ ፓፈር የሚባለው የደቡብ ሕንድ ዓሣ ሦስት ሴንቲሜትር ብቻ ሆኖ ዓይኑን እያዟዟረ ሰውን ስለሚከተል ልብ ይሰርቃል። ነገር ግን ክንፍ ይነክሳል፣ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ይበላል። የብቻው ሳጥን ካልተዘጋጀለት አይግባ።

4. ጎረቤት ይፈልጉለት

ሰላማዊ የሚባል ዓሣም ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። ዚብራ ዳኒዮ ማንንም አይነክስም፣ ግን ፈጣን ነው፤ ባዲሱ ምግቡን አይቶ ሳይጨርስ ዳኒዮው በልቶታል። ስለዚህ ጎረቤት ሲመርጡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በየትኛው የውሃ ከፍታ ላይ ይኖራል? ለምግብ ምን ያህል ይፈጥናል? አንዱ ሌላውን በአፉ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል? ከዋናው ዓሣ ሌላ ሁለት ዓይነት ካለ ለ54 ሊትር ሳጥን በቂ ነው።

ለመካከለኛው ውሃ የቦርኔዮው ቺሊ ራስቦራ፣ ቦራራስ ብሪጊታይ፣ ተወዳዳሪ የለውም። ሁለት ሴንቲሜትር የሆነ ቀይ ዓሣ ነው፣ ከአሥር በታች ሲሆን ይደበቃል። ለታችኛው ፒግሚ ኮሪዶራስ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ፤ ከአብዛኞቹ ኮሪዶራሶች በተለየ ከአሸዋው ተነስቶ በመንጋ ይዋኛል። ስድስት ወይም ስምንት ይሁን፣ አሸዋው ለስላሳ ይሁንለት። ስፓርክሊንግ ጎራሚ ከእነዚህ ሁለቱ ጋር ውሃው ለስላሳ (ካልሲየምና ማግኒዚየም ያነሰበት) በሆነበት ቤት በጣም ይስማማል። ለባዲስ ግን ታችኛውን ውሃ ለራሱ ይተዉለት፤ ኪሊፊሽ ከላይ ቢሆን ሁለቱም ዝግተኞች ስለሆኑ አይሻሙም። ለዳኒዮ ማርጋሪታተስ ቼሪ ሽሪምፕ ብቻ ብትጨመር እመርጣለሁ፤ የሽሪምፕ ጫጩቶች ግን ለሁሉም ዓሣ ምግብ መሆናቸው አይቀርም።

አልጌ የሚበላው ኦቶሲንክለስ ሳጥኑ ወራት ካስቆጠረና መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ሽፋን ከያዘ በኋላ ይምጣ። ንጹሕ በሆነ አዲስ ሳጥን ውስጥ በረሃብ ይሞታል።

5. የማይገቡትን ይሰርዙ

ገና ጫጩት ሳሉ የሚሸጡ ትልልቅ ዓሦች አሉ። ተራው ፕሌኮ ከ30 ሴንቲሜትር ያልፋል። ፓንጋሲየስ ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል። የቻይና አልጌ በል የሚባለው ሲያድግ ጠበኛ ይሆናል። ታይገር ባርብ ክንፍ ይነጫል። በመርፌ ቀለም የተወጉ ዓሦችንም አይግዙ፤ ለዓሣው ስቃይ ነው፣ ቀለሙም ይለቃል።

6. ተክሉን ለዓሣው ያስተካክሉ

ጃቫ ፈርን እና አኑቢያስ በእንጨት ወይም በድንጋይ ላይ ይታሰሩ፤ ወፍራሙ አግዳሚ ግንዳቸው አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ክሪፕቶኮሪን አሸዋው ውስጥ ይተከል። ከላይ ሳልቪኒያ ይንሳፈፍ፣ ግን ገጹን በሙሉ አይሸፍን። መብራት በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ቢበራ ይበቃል።

7. ከመግዛትዎ በፊት ቆመው ይመልከቱ

ሻጩ ዓሣውን ፊትዎ እንዲመግብልዎ ይጠይቁ። በልቶ ካላዩት አይውሰዱት፤ ይህ ከሁሉም ምርመራ ይበልጣል። ሆዱ የተሰረጎደ፣ ክንፉን ወደ ገላው ያጣበቀ፣ ስንጥቡን ቶሎ ቶሎ የሚከፍት፣ ነጭ ነጠብጣብ የታየበት ካለ፣ ወይም እዚያው ሳጥን ውስጥ የሞተ ካለ፣ ጤነኛ የሚመስለውንም ይተዉት። ከመጣ ስንት ቀን እንደሆነውም ይጠይቁ። ትናንት የደረሰ ዓሣ ገና ከጉዞው ድካም አልወጣም፤ ሳምንት ቆይቶ መመለስ ይሻላል።

8. ቀስ ብለው ያስገቡ

ቢቻል አዲሱን ዓሣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በሌላ ትንሽ ሳጥን ለብቻው ያቆዩት። መድኃኒት ከተሰጠው እዚያው ይሁን፤ መዳብ ያለበት መድኃኒት ሽሪምፕ ይፈጃል።

ዓሣውን ወደ ማቆያውም ሆነ ወደ ዋናው ሳጥን ሲያስገቡ መብራቱን አጥፍተው ከረጢቱን ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ውሃው ላይ ያንሳፍፉት፣ ከዚያ ከሳጥኑ ውሃ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩበት። ዓሣው በከረጢት ብዙ ሰዓት ከቆየ ግን ይህን አያራዝሙት። ከረጢቱ ሲከፈት የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ ያኔ እምብዛም የማይጎዳው አሞኒያ ወደ መርዛማው ዓይነት ይቀየራል። በመረብ አውጥተው ያስገቡት፣ የከረጢቱን ውሃ ይድፉት።

ቅደም ተከተሉ ደግሞ ከምርጫው ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ የመረጡት ዋናው ዓሣ መጨረሻ ይግባ። ራስቦራዎቹና ኮሪዶራሶቹ ቀድመው ገብተው መደበቂያቸውን ካገኙ፣ ግዛት የሚይዘው ጎራሚ ወይም ባዲስ ሁሉንም የእኔ ብሎ አይዝም። ትንንሾቹ በግልጽ ሲዋኙ ሲያይም አደጋ እንደሌለ ተረድቶ ቶሎ ይወጣል። በአንዱና በሌላው መካከል ሁለት ሦስት ሳምንት ይኑር፣ አሞኒያውና ናይትራይቱም በየመካከሉ ይለካ።

9. ሲበሉ ይቁጠሯቸው

ጥቂት ጥቂት በቀን ሁለት ጊዜ ይመግቡ፤ የተፈጨ ደረቅ ምግብ፣ በየጥቂት ቀኑ አርቴሚያ ወይም ዳፍኒያ። ዓይንዎ ቀድሞ የሚደርሰው ላይ ሳይሆን መጨረሻ የሚመጣው ላይ ይሁን። ሦስት ሳምንት አልፎ አሁንም የሚደበቁ ከሆነ የማጣሪያውን ፍሰት ይቀንሱ፣ ተንሳፋፊ ተክል ይጨምሩ፣ መንጋው አነስተኛ ከሆነም ከዚያው ዓይነት ይጨምሩ እንጂ ሌላ ዓይነት አያምጡ። አንዱ ወንድ ሌላውን ማሳደድ ካላቆመ እንዳይተያዩ በመካከላቸው እንጨትና ቅጠል ያስገቡ። በሁለት ቀን ካልበረደ የሚሳደደውን አውጥተው ወደ ሌላ ሳጥን ያዛውሩት።