ስለ ካታራ፣ አንግና ዙኮ እንዴት እንከራከር?
በባሕር ዳር፣ በጣና ዳር ጭማቂ ቤቶች፣ ከ2005 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በ61 ክፍሎች የተላለፈው የካርቱን ተከታታይ «አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር» በተነሣ ቁጥር፣ ከገጸ ባሕርያቱ አንዷ ካታራ በፍቅር ለዋናው ጀግና ለአንግ ወይስ መጀመሪያ ጠላታቸው ለነበረው ልዑል ለዙኮ ትገባ ነበር የሚለው ሙግት ይጦፋል። ተከራካሪው አስቀድሞ ያየውንና የተመኘውን ይለይ፤ ትዕይንት ሲጠቅስም ከነተከታዩ ይጥቀስ። ካታራ በዋሻው ውስጥ የዙኮን ጠባሳ ዳስሳ ልትፈውሰው እንደነበር የሚያነሣ ሰው፣ ዙኮ ወዲያው ከካታራ ጠላት ከእኅቱ ከአዙላ ጋር መወገኑንና ካታራም ይቅር ያለችው ከብዙ በኋላ መሆኑን መዝለል የለበትም፤ ይህን መዝለል፣ በእኔ እምነት፣ ካታራን መበደል ነው። ለአንግ የቆመም የመጨረሻውን መሳም ብቻ ይዞ «አለቀ» አይበል፤ ፍቅራቸው በየትኛው ክፍል እንዴት እንዳደገ ያሳይ። መልስ ከመስጠቱ በፊትም የባላጋራውን ሐሳብ በራሱ አንደበት ደግሞ ተናግሮ፣ «እንዲህ ነው ያልኸው?» ብሎ ያረጋግጥ።