8 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ የሚንቀራፈፈውን አንድሮይድ ስቱዲዮ ማፍጠን

አዳማ ውስጥ የሞባይል አፕ የሚሠሩ ብዙ ልጆች፣ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ (አስቱ) ተማሪም ሆኑ በግላቸው የሚሠሩ፣ የያዙት ያገለገለ ኤሊትቡክ፣ ላቲቲዩድ ወይም ቲንክፓድ ነው፤ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም። ማሽኑ ለሥራው አያንስም። አንዲት መስመር ቀይሮ ውጤቱን ለማየት አምስት ደቂቃ የሚያስጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ሳይሆን የራሙ መሙላትና የዲስኩ ዝግታ ነው። ስለዚህ «ይህን መስመር ጨምሩ፣ ያንን አጥፉ» የሚለውን ምክር ሁሉ ከመሞከራችሁ በፊት ራሙን ማን እየበላው እንደሆነ እወቁ።

መጀመሪያ ታስክ ማናጀሩን እዩ

ፕሮጀክቱን ራን በሉትና እሱ እየሠራ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲከፈት «ሜሞሪ» የሚለውን ዓምድ ነክታችሁ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩት። «ስቱዲዮ 64» የሚለው አንድሮይድ ስቱዲዮ ራሱ ነው። «ኦፕንጄዲኬ ፕላትፎርም ባይነሪ» የሚለው ስም ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ይታያል፤ አንዱ የግሬድል (ኮዱን ወደ አፕ የሚገነባው መሣሪያ) ዴመን፣ ሌላው የኮትሊን (አፑ የሚጻፍበት ቋንቋ) ዴመን ነው፤ ዴመን ማለት ከጀርባ ሳይዘጋ የሚቆይ ፕሮግራም ነው። በ«ኬሙ» የሚጀምረው ኢሙሌተሩ፣ ማለትም ላፕቶፑ ላይ ስልክ መስሎ የሚሠራው ፕሮግራም ነው። ክሮምም ከነዚህ አይርቅም።

አሁን ደምሩት። ዊንዶውስ ምንም ሳይከፈት ከ2 እስከ 3 ጊጋ ይይዛል። የስቱዲዮው የሂፕ (ጃቫ ለፕሮግራሙ ዳታ የሚይዘው ሜሞሪ) ጣሪያ 2 ጊጋ ሲሆን ከሂፕ ውጭ የሚወስደው ሲጨመር ከዚያ ያልፋል። አዲስ ፕሮጀክት ሲፈጠር ለግሬድል የሚጻፍለት ጣሪያ 2048 ሜጋ ነው። የኮትሊን ዴመን ለብቻው ካልተወሰነለት የግሬድሉን ጣሪያ ይወርሳል፤ ይህም ሌላ 2 ጊጋ ማለት ነው። ኢሙሌተሩ ላይ 2 ጊጋ ጨምሩ። ክሮም ሳይቆጠር ከ8 አለፍን። ከራሙ የተረፈውን ዊንዶውስ ወደ ዲስክ ያወጣዋል፣ ሲፈለግ ደግሞ መልሶ ያነበዋል። ዲስኩ የድሮው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ከሆነ «ዲስክ» የሚለው ዓምድ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰክቶ ይቀራል፣ ማውሱ እንኳ ይንገዳገዳል።

ሜሞሪው ከ90 ፐርሰንት በላይ ሆኖ ዲስኩም 100 ላይ ከተሰካ ችግራችሁ ይኸው ነው። ሲፒዩው ብቻ 100 ከሆነ ሥራው ራሱ በዝቷል፤ ቢልዱን (አፑን የመገንባት ሥራውን) ማቅለል አለባችሁ። ሁሉም ዝቅ ብሎ ቢልዱ ግን አልሄድ ካለ ግሬድል ኢንተርኔት እየጠበቀ ነው። ሦስቱ መፍትሔያቸው ይለያያል፣ ስለዚህ ይህን ሳታዩ አትለፉ።

ኢሙሌተሩን ተዉትና ስልክ ሰኩ

በ8 ጊጋ ማሽን ላይ ያለ ምንም ወጪ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው። ስልኩ ላይ ሴቲንግስ ገብታችሁ «አባውት ፎን» ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ንኩት። «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» ይከፈታል፤ እዚያ «ዩኤስቢ ዲበጊንግ»ን አብሩ። ሻኦሚ ከሆነ «ኢንስቶል ቪያ ዩኤስቢ» የሚለውንም ካላበራችሁ አፑ አይጫንም። ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ስቱዲዮው ካላየው መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ኬብሉን ነው፤ ከየሱቁ የሚገዙ ርካሽ ኬብሎች ብዙዎቹ ለቻርጅ ብቻ ናቸው፣ ዳታ የሚያሳልፍ ሽቦ የላቸውም። ኬብሉ ደህና ከሆነ የስልኩን አምራች የዩኤስቢ ድራይቨር ጫኑ። አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በላይ ያለው ስልክ ከላፕቶፑ ጋር አንድ ዋይፋይ ላይ ከሆነ «ዋየርለስ ዲበጊንግ» ያለ ኬብል ያሠራችኋል።

የስልኩን ስክሪን ላፕቶፑ ላይ ማየት የምትፈልጉ በስቱዲዮው «ራኒንግ ዲቫይስስ» መስኮት ማየት ትችላላችሁ። ሳትፈልጉት ግን ክፍት አትተዉት፣ እሱም ሲፒዩ ይበላል።

ስልክ ከሌላችሁና ኢሙሌተሩ የግድ ከሆነ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብታችሁ ቨርቹዋላይዜሽን መብራቱን አረጋግጡ፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1 ነው። ኤኤምዲ ከሆነ «ኤስቪኤም» ተብሎ ይገኛል። ሃክስኤም (ኢሙሌተሩን ያፈጥን የነበረ የኢንቴል ድራይቨር) ጫኑ የሚል የቆየ መመሪያ ካጋጠማችሁ እለፉት፤ ኢንቴል በ2023 አቁሞታል። አሁን የሚያገለግለው የጉግል የራሱ ሃይፐርቫይዘር ድራይቨር ወይም «ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርም» ነው።

ግሬድልን በልክ መስፋት

በሰፊው የሚሰራጨው ምክር «የግሬድልን ሜሞሪ ወደ 4 ጊጋ አሳድጉ» የሚል ነው። 16 ጊጋ ላለው ሰው ጥሩ ነው። 8 ጊጋ ላይ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ግሬድሉ የጨመራችሁለትን ያህል ሌላውን ወደ ዲስክ ይገፋዋል።

የምትነኩት ፋይል «ግሬድል ዶት ፕሮፐርቲስ» ይባላል። ሁለት ቦታ ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ፕሮጀክቱ ውስጥ፣ ሌላው በዩዘር ስማችሁ ሥር ባለው በነጥብ የሚጀምር «ግሬድል» ፎልደር ውስጥ። ሁለቱ ላይ አንድ ነገር ከተጻፈ የሚያሸንፈው የዩዘሩ ነው። በቡድን የምትሠሩ ከሆነ የራሳችሁን ማስተካከያ እዚያ ብቻ ጻፉት፤ ፕሮጀክቱ ውስጥ ጽፋችሁ ጊት ላይ ካወጣችሁት 16 ጊጋ ያለውን ጓደኛችሁን ታዘገዩታላችሁ።

«ኦርግ ግሬድል ጄቪኤምአርግስ» በሚለው መስመር ላይ «ኤክስኤምኤክስ»ን (የሂፕ ጣሪያውን) ወደ 1536 ሜጋ አውርዱት። ከዚያ «ኮትሊን ዴመን ጄቪኤምአርግስ» የሚል መስመር ጨምራችሁ 1024 ሜጋ ስጡት። ቃላቱ በነጥብ ይያያዛሉ። አንድ ሞጁል ላለው መካከለኛ ፕሮጀክት ይህ ይበቃል። «ጃቫ ሂፕ ስፔስ» የሚል ስሕተት ከመጣ፣ ወይም ዴመኑ ሂፕ ጨርሶ እንደገና እንደሚነሳ የሚገልጽ መልእክት ካያችሁ፣ አሳንሳችሁታል፤ በ256 ሜጋ ከፍ እያደረጋችሁ ሞክሩ።

የኮትሊን ኮምፓይለር በግሬድሉ ውስጥ እንዲሠራ «ኢን ፕሮሰስ» አድርጉት የሚል ምክርም አለ። ራም ይቆጥባል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ኢንክሪመንታል ኮምፓይሌሽንን ያሳጣችኋል፤ አንድ ፋይል ነክታችሁ ሞጁሉ በሙሉ እንደገና ይኮምፓይላል። በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ትርፍ የለውም።

«ኦርግ ግሬድል ካሺንግ» እና «ኦርግ ግሬድል ኮንፊገሬሽን ካሽ» የሚሉትን «ትሩ» አድርጓቸው። ሁለተኛው በየቢልዱ መጀመሪያ ላይ ያለውን የኮንፊገሬሽን ጊዜ ያስቀራል፤ አንዳንድ የቆዩ ፕላጊኖች ግን አይስማሙትም፣ ስሕተት ካመጣ የትኛው ፕላጊን እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል። «ፓራለል» የሚለው ግን ሥራ የሚኖረው ፕሮጀክቱ ብዙ ሞጁል ሲኖረው ነው።

«ኦፕንጄዲኬ» ሦስትና አራት ጊዜ ከታየ ሁለት ግሬድል ዴመን ተነስቶ ይሆናል። ስቱዲዮው በአንድ ጃቫ፣ ተርሚናሉ በሌላ ጃቫ ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ዴመን መጠቀም ስለማይችል እያንዳንዱ የራሱን ያስነሳል። ዴመን ሥራ ፈትቶም 3 ሰዓት ሳይዘጋ ይቆያል። ሴቲንግስ ውስጥ «ቢልድ ቱልስ» ከዚያ «ግሬድል» ገብታችሁ «ግሬድል ጄዲኬ» የቱ እንደሆነ እዩ፣ «ጃቫ ሆም»ንም (ተርሚናሉ የትኛውን ጃቫ እንደሚጠቀም የሚጠቁመውን የዊንዶውስ ማስተካከያ) ወደዚያው ፎልደር አዙሩት። የተነሱትን ሁሉ ለመዝጋት ተርሚናል ላይ የግሬድል ራፐሩን (ፕሮጀክቱ ውስጥ ያለውን ግሬድልን የሚያስነሳ ፋይል) በ«ስቶፕ» ትእዛዝ ጥሩት።

ቢልዱ ካለቀ በኋላ «ቢልድ አናላይዘር»ን ክፈቱ፤ ጊዜውን የበላው የቱ ታስክ እንደሆነ በሰከንድ ያሳያል። «ካፕት» (ለላይብረሪዎች ተጨማሪ ኮድ የሚያመነጨው የቆየ መሣሪያ) ከላይ ካለ ወደ ተተኪው «ኬኤስፒ» መሻገር አለባችሁ። ሩም፣ ሂልትና ሞሺ የተባሉት ላይብረሪዎች ሁሉም ይደግፉታል፣ ፍጥነቱም እስከ ሁለት እጥፍ ይደርሳል። አንድ ላይብረሪ ካፕት ላይ ከቀረ ግን ጥቅሙ ብዙው ይጠፋል፤ ሁሉንም አሻግሩ፣ የኬኤስፒው ቨርዥን ከኮትሊናችሁ ጋር የሚሄድ መሆኑንም እዩ።

ኢንተርኔቱን አለመጠበቅ

ዳታ በፓኬጅ ገዝቶ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ሲንክ (ግሬድል ለፕሮጀክቱ የሚያስፈልገውን የሚያወርድበት) ከባድ ነው። ግሬድሉ ብቻ ከ100 ሜጋ በላይ ነው፣ ላይብረሪዎቹ ይከተላሉ። አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ከስቱዲዮው ጎን ያለውን የግሬድል መስኮት ከፍታችሁ «ኦፍላይን ሞድ»ን አብሩ። አዲስ ዲፔንደንሲ (ላይብረሪ) ስትጨምሩ «ለኦፍላይን የተቀመጠ ቨርዥን የለም» የሚል ስሕተት ይመጣል፤ ያኔ ብቻ አጥፍታችሁ ሲንክ አድርጉና መልሱት። የላይብረሪ ቨርዥን መጨረሻ ላይ የመደመር ምልክት አታድርጉ፤ ግሬድል በየ24 ሰዓቱ አዲስ ወጥቶ እንደሆነ ኢንተርኔት ላይ ሊያጣራ ይወጣል።

የወረደውን ከጓደኛ በፍላሽ መውሰድም ይቻላል፤ በዶርም ለሚኖሩ ትልቅ እረፍት ነው። አካሄዱ ይህ ነው። በሁለቱም ላፕቶፕ ላይ ስቱዲዮውን ዝጉ፣ ዴመኖቹንም አስቁሙ። ከጓደኛችሁ «ግሬድል» ፎልደር ውስጥ «ካሽስ» ሥር ያለውን «ሞጁልስ 2» ኮፒ አድርጉ፤ ከኮፒው ውስጥ በ«ሎክ» የሚጨርሱ ፋይሎችንና «ጂሲ ዶት ፕሮፐርቲስ»ን አጥፉ፤ ከዚያ በእናንተ ፎልደር ውስጥ እዚያው ቦታ አስቀምጡት። «ራፐር» ሥር ያለውን «ዲስትስ»ም እንዲሁ። ሁለታችሁም አንድ የግሬድል ቨርዥን መጠቀም አለባችሁ። ከማስቀመጣችሁ በፊት ፍላሹን በአንቲቫይረስ ፈትሹት።

ይህን የምንለው ቀጣዩ ነገር ስላለ ነው። ዊንዶውስ ዲፌንደር ግሬድል የሚጽፋቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች አንድ በአንድ ይፈትሻል። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ገብታችሁ «ኤክስክሉዥንስ» ላይ የፕሮጀክቱን ፎልደር፣ «ግሬድል»ንና «ኤስዲኬ»ን (የአንድሮይድ መሥሪያ ፋይሎች ያሉበትን) ጨምሩ። ዳውንሎድ ፎልደርንና ፍላሽን ግን በፍጹም አትጨምሩ።

ገንዘብ የሚጠይቀው፣ ሙቀትና አቧራ

ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ላይ ከላይ ያለው ሁሉ ተደርጎም ኤስኤስዲ ካልገባ እፎይታ የለም። በጀታችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ዲስኩ ይቅደም፤ ኤስኤስዲ ካላችሁ ግን ወደ 16 ጊጋ ራም ሂዱ። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ከዚያ «ሜሞሪ» ላይ «ስሎትስ ዩዝድ» የሚለውን አንብቡ፤ «1 ከ2» ካለ አንድ ባዶ ቦታ አላችሁ። ዲዲአር 3 ኤል ይሁን ዲዲአር 4 ለይታችሁ ሂዱ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በተለይ 6ኛ ትውልድ ኢንቴል ላይ ሁለቱም ስለሚያጋጥም የተሰካውን አስፈትቶ ጽሑፉን ማየት ይሻላል።

አዳማ ሞቃትና ነፋሻ ከተማ ናት፤ የነፋስ ኃይል ጣቢያ የተተከለባትም በዚሁ ነፋስ ምክንያት ነው። ያው ነፋስ አቧራውን የላፕቶፑ ፋን ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጠዋት የመጀመሪያው ቢልድ ደህና ሄዶ ከሰዓት ያው ቢልድ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ታስክ ማናጀር ላይ የሲፒዩውን «ስፒድ» እዩ፤ «ቤዝ ስፒድ» 2.40 ጊጋኸርዝ ብሎ በቢልድ ሰዓት 1 አካባቢ ከወረደ ፕሮሰሰሩ በሙቀት ራሱን እያዘገየ ነው። ፋኑን በብሎወር አስጸዱ፣ የደረቀ ቴርማል ፔስት ካለ አስቀይሩ፣ አልጋ ላይ አስቀምጣችሁ አትሥሩ። ቻርጀሩ ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነም አንዳንድ ላፕቶፖች ሳያውቁት ሲቀሩ ሆን ብለው ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ሙቀቱ ደህና ሆኖ ስፒዱ ከወረደ በሌላ ቻርጀር ሞክሩ።

መብራት በቢልድ መሃል ሲጠፋ

ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት ሲሄድ ድርግም ይላል፣ እየተጻፈ የነበረ ካሽ ይበላሻል። ተመልሳችሁ ስትከፍቱ እንግዳ ስሕተት ሲመጣ የብዙ ሰው እጅ የሚሄደው «ግሬድል» ፎልደርን በሙሉ ወደ ማጥፋት ነው። ይህን አታድርጉ፤ በጊጋ የሚቆጠር ዳታ እንደገና ታወርዳላችሁ። መጀመሪያ ፕሮጀክቱ ውስጥ ያሉትን «ቢልድ» እና በነጥብ የሚጀምረውን «ግሬድል» ብቻ አጥፍታችሁ ሞክሩ። ካልሆነ ከዩዘሩ «ካሽስ» ውስጥ «ትራንስፎርምስ» የሚለውን አጥፉ፤ እሱ ከወረደው ተሰልቶ የሚሠራ ስለሆነ ኢንተርኔት አይፈልግም። የተቋረጠው ግሬድሉ ራሱ እየወረደ ሳለ ከሆነ «ዲስትስ» ውስጥ የዚያን ቨርዥን ፎልደር ግቡና እዩ፤ በ«ፓርት» የሚጨርስ ፋይል ካለ ያን ቨርዥን ብቻ አጥፉት። «ሞጁልስ 2»ን የምትነኩት ሌላው ሁሉ ካልሠራ ነው።

በዚሁ ልክ «ክሊን ፕሮጀክት»ን፣ በፍላተር (ሌላው የአፕ መሥሪያ) ለምትሠሩ «ፍላተር ክሊን»ን፣ «ኢንቫሊዴት ካሽስ»ንም ልማድ አታድርጓቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀጣዩን ቢልድ ከዜሮ ያስጀምሩታል፣ ሦስተኛው ስቱዲዮው ፕሮጀክቱን በሙሉ እንደገና ኢንዴክስ እንዲያደርግ ያስገድደዋል፤ በየቀኑ ከተደረገ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። የፍላተር ሰዎች ስልክ ሰክታችሁ አፑን አንዴ ካስነሳችሁ በኋላ ሳትዘጉት በሆት ሪሎድ (ለውጡን በሚሠራው አፕ ላይ ወዲያው በሚያሳየው) ቀጥሉ፤ ግሬድል የሚጠራው ሲጀመር ነው። በስቱዲዮው ፈንታ ቪኤስ ኮድ ላይ መሥራት ደግሞ የስቱዲዮውን 2 ጊጋ ያስለቅቅላችኋል።